ወግ ካጠበቃችሁ አይቀር

ለብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ
ለንደን

ጉዳዩ፦ የራሳችሁን መርህ ስለማስታወስ

ክቡራንና ክቡራት፣

የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። የምኖረው ሰሜን ለንደን ነው። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ስናደድ እንግሊዝኛዬ ይጠፋብኛል። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ ወገኖቼንም ስለሚመለከት እነሱም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ልጄ ተርጉማ ትልክላችኋለች። ትርጉሙ ላይ ለስለስ ያለ ነገር ካያችሁ የእሷ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በእናንተ አቆጣጠር አድርጌአቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ2024 ምርጫ ሰሞን ነው። ቅዳሜ ጠዋት በር ተንኳኳ። አንድ ወጣት ደረቱ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ሰክቶ፣ የተጣጠፈ ወረቀት ይዞ ቆሟል። ዝናቡ ይወርዳል። እናንተ አገር ደጅ ላይ አናግሮ መሸኘት ነው ወጉ። እኛ ደግሞ ሰው ዝናብ ላይ ማቆም አናውቅበትም። ግባ አልኩት። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ነበር። አቦሉን ጠጥቶ ሊነሳ ሲል "ቶናውን ሳትጠጣ?" ተባለ፤ ተቀመጠ። በረካው ላይ ስንደርስ ጠየቅሁት። "ለመሆኑ ፓርቲህ በምን ያምናል?"

በጣቱ ቆጠረልኝ። ቤተሰብ። ሠርቶ ማደር። የራስ ቤት። መንግሥት ሰው ኪስና ጓዳ ውስጥ እጁን እንዳያበዛ። ሕግና ሥርዓት። አገርና ዘውድ። ከአባት የተረከቡትን ሳያበላሹ ለልጅ ማስተላለፍ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ የእናቴ ምክር ነው" አልኩት። ሳቀ። ድምፄን ያገኘ መስሎት ደስ ብሎት ወጣ።

አልመረጥኳችሁም። ብዙ ሰውም አልመረጣችሁም። በ2019 365 የነበረው ወንበራችሁ ጁላይ 4 ቀን 2024 ማታ ሲቆጠር 121 ሆነ። በታሪካችሁ እንዲህ ወርዳችሁ አታውቁም። የልጁ ጣቶች ግን ከሐሳቤ አልወጡም። ከቆጠረው ውስጥ አብዛኛውን እኔም አምንበታለሁ። ያናደደኝም ይኸው ነው።

መቼም ስማችሁ በአማርኛ አያምርም። "ወግ አጥባቂ" ሲባል ልጁ ጸጉሩን ሲያሳድግ የሚጮህ አባት ነው ቶሎ የሚታየን። ወግ ግን ሰፊ ቃል ነው። እናት ልጇን "ወግ ማዕረግሽን ያሳየኝ" ትላለች። "ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ" ይባላል። ቡና ላይ የምንጠርቀውም ያው ወግ ነው። "ቶሪ" የሚለው ቅጽል ስማችሁማ ይባስ። ከአየርላንድ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ሽፍታ እንደማለት ነው። ጠላቶቻችሁ ለስድብ አወጡላችሁ፣ እናንተ ለበሳችሁት። እኛ በዚህ አንስቅባችሁም። የእኛም መይሳው ካሳ በሽፍትነት ነው የጀመረው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

"ወግ አጥባቂ" የሚለው ስም የጸናባችሁ በ1830ዎቹ ነው። በዲሴምበር 1834 የያኔው መሪያችሁ ሮበርት ፒል ለታምዎርዝ መራጮቹ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ግልጽ ደብዳቤ ነበር ማለት ይቻላል፤ በዚህ እንመሳሰላለን። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። በደል መኖሩ ከተረጋገጠ እናርማለን፤ ለለውጥ ብለን ግን ቤቱን አናፈርስም። እኔም ከዚህ ያለፈ አልጠይቃችሁም።

የሐሳባችሁ አባት የምትሉት ኤድመንድ በርክ እንኳን የፓርቲያችሁ ሰው አልነበረም። ደብሊን የተወለደ፣ በቶሪዎች ተቀናቃኝ በዊጎች በኩል ፓርላማ የገባ ሰው ነው። የሞተው በ1797፣ ስማችሁ ገና ሳይወጣ ነው። በ1790 የፈረንሳይን አብዮት ሲተች ግን ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱም ያለ አስተርጓሚ ይገቡኛል። አንዱ፣ ኅብረተሰብ ማለት በሞቱት፣ በሕይወት ባሉትና ገና ባልተወለዱት መካከል ያለ ውል ነው የሚለው ነው። እኛ አደራ እንለዋለን። ሁለተኛው፣ ሰው አገሩን መውደድ የሚጀምረው አጠገቡ ካለችው ትንሽ ስብስብ ነው የሚለው ነው። እሷን ደግሞ ዕድር እንላታለን።

ስለ ዕድር ትንሽ ታገሡኝ። አምና ከመካከላችን የአንዷ እናት እዚሁ ለንደን አረፉ። ስልኩ የተደወለው ሌሊት ነው። ሳይነጋ ሦስት ሰው ቤቱ ደርሷል። አንዱ ወረቀቱን ሊያስጨርስ ሄደ። አንዷ አዳራሽ ያዘች። ሴቶቹ ሽንኩርት ከተፋ ገቡ፤ ጠባብ ኩሽና፣ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ከሐዘኑ ይሁን ከሽንኩርቱ ሳይለይ ሁሉም ዓይኑን ይጠርጋል። ወንዶቹ ወንበር ተሸከሙ። አስከሬኑ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድበት ገንዘብ ከዕድሩ ወጣ። ሳያስፈቅድ የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱን የሚመዘግቡት ጸሐፊያችን ማን ነህ ብለው ቀና እንኳ አይሉም። ከመንግሥት አንድ ፔኒ አልተጠየቀም።

ዴቪድ ካሜሮን በ2010 "ትልቁ ማኅበረሰብ" ብለው ሲመጡ፣ ሰው በየሰፈሩ ተደራጅቶ ይረዳዳ፣ መንግሥት ትንሽ ገለል ይበል ሲሉ፣ እኛ እርስ በርስ ተያየን። እኚህ ሰው ዕድር ነው እኮ የሚሉት! ያውም አዲስ ነገር እንደፈጠሩ። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ተረሳ። የበጀት ቅነሳው ግን ቀጠለ።

ስለ ቤትም እንዲሁ ነው። ማርጋሬት ታቸር የግራንትሃም ባለ ግሮሰሪ ልጅ ናቸው። በ1980 ባወጡት የቤቶች ሕግ የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ቤት ተከራይ ቤቱን በቅናሽ መግዛት ቻለ። ሦስት ዓመት የኖረበት 33 በመቶ፣ ብዙ የኖረበት እስከ 50 በመቶ ተቀነሰለት። የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በሩን ሌላ ቀለም መቀባት ነበር ይባላል። ይህ ደግሞ ለእኔ አይነገረኝም። የቀበሌ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ማን ያድሰው እየተባባለ ኖሮ፣ የራሱ የሆነ ቀን በማግስቱ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው አይቻለሁ። እስካሁን በእንግሊዝ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት በዚህ መንገድ ተሽጧል። የተሸጠውን ያህል ግን አልተሠራም። ያኔ ቤት የገዙት ሰዎች ልጆች ዛሬ ከደመወዛቸው ግማሹን ለአከራይ ሲከፍሉ እኔ አውቶቡስ ውስጥ በስልክ ሲያወሩ እሰማለሁ። ገና ላልተወለዱት የሚለው የበርክ ነገር እዚህ ጋ ነው የተሰበረው።

ገንዘብን በጥንቃቄ መያዝ የሚለውንም በሴፕቴምበር 2022 ጠቅላይ ሚኒስትራችሁ ሊዝ ትረስ ምን እንዳደረጉት ታውቃላችሁ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳይነገር የ45 ቢሊዮን ፓውንድ የግብር ቅነሳ ታወጀ። ገበያው ደነገጠ፣ የቤት ብድር ወለድ ዘለለ፣ እሳቸውም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ሄዱ። እቁባችን ውስጥ የቤት ብድር ያለባቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ያን ሰሞን አልሳቁም።

እዚህ ጋ ለወገኖቼ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከመካከላችን "ቶሪ የሃይማኖት ሰዎች ፓርቲ ነው" የሚል አይጠፋም። አሜሪካንን አይቶ ነው። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ለተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በ2013 ሕግ የወጣለት በካሜሮን መንግሥት ጊዜ ነው፤ የገዛ ፓርቲያቸው የፓርላማ አባላት ለሁለት ተከፍለውበት። "መጤ አያስጠጉም" የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደውን ዲዝሬሊን ጠቅላይ ሚኒስትር ያደረጉ፣ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር መጀመሪያ የሾሙ፣ ከህንድ ዘር የሆኑትን ሪሺ ሱናክን ያነገሡ እነሱ ናቸው። ዛሬ የሚመሯቸው ኬሚ ባደኖክ ያደጉት ናይጄሪያ ነው። ስለዚህ ነገሩን በወሬ አንፍረደው፤ እንደየሥራው እንየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ልጁ መጀመሪያ የቆጠረው ጣት ቤተሰብ ነበር።

እቁባችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው። ከመካከላችን አንድ ወዳጅ አለ፤ ስሙን አልጠራም። ሌሊት ሌሊት ቢሮ ያጸዳል። የመኖሪያ ፈቃድ አለው፣ ቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ) ወስዶ አያውቅም፣ እቁቡን አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም። ሚስቱ ደሴ ናት። አግብቷት ነው የተመለሰው። እሑድ እሑድ ስልኩን የስኳር ቆርቆሮው ላይ ያስደግፋታል። እሷም ከደሴ ሆና አንድ በአንድ በስማችን ሰላም ትለናለች፤ ከዚያ "ዛሬ ለማን ወጣ?" ትላለች። የእቁባችን አባል ሆናለች ማለት ይቻላል፤ ሳትከፍል።

አንድ እሑድ ፔይስሊፖቹን፣ የደመወዝ ወረቀቶቹን፣ በፌስታል ይዞ መጣ። ቆሎውን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ሚስት ከውጭ ለማምጣት ሰውየው በዓመት 29,000 ፓውንድ ማግኘት አለበት። ይህን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። በ2012 ቴሬዛ ሜይ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሳሉ 18,600 ተባለ። በኤፕሪል 2024 ወደ 29,000 ዘለለ። መጀመሪያ የታወጀው 38,700 ነበር፤ ጩኸት ሲበዛ በደረጃ ይሁን ተባለ። ሌበር ሥልጣን ሲይዝ ጭማሪውን አቆመው፣ 29,000ውን ግን አልነካውም።

ሒሳቡን የሠራነው እዚያው በቆሎው ጎን ነው። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 12.21 ፓውንድ ነበር። በሳምንት 40 ሰዓት፣ 52 ሳምንት። 25,397 ፓውንድ መጣ። 3,600 ያህል ይጎድላል። ለመሙላት በየሳምንቱ ወደ 46 ሰዓት መሥራት አለበት፤ አንድም ሳምንት ሳይጎድል። እሱ ደግሞ በውሉ ላይ ያለው 35 ሰዓት ብቻ ነው። ኦቨርታይም ሲገኝ ነው።

አንዱ "እቁቡን እናስቀድምልህ" አለ። እኛ ዘንድ የቸገረው ሰው ሲኖር ዕጣ ሳይወጣ ይሰጠዋል። ይህም ወግ ነው። ልጄ በስልኳ ደንቡን አነበበች። ቁጠባ የሚቆጠረው ከ16,000 ፓውንድ በላይ ያለው ብቻ ነው። እሱም ባንክ ውስጥ ስድስት ወር መቀመጥ አለበት። ደመወዝን ትቶ በቁጠባ ብቻ ልሙላ ለሚል 88,500 ፓውንድ ያስፈልገዋል። የእኛ እቁብ ከመቶ ዙር በኋላም እዚያ አይደርስም። እሷ መጥታ የምትሠራው ሥራ አይቆጠርም፤ ነርስ ብትሆን፣ በማግስቱ ሥራ ብትይዝ እንኳ። ወዳጄ ወረቀቶቹን ወደ ፌስታሉ መለሰ። ስኳሩ ላይ ያለችው ስልክ "ምን እያደረጋችሁ ነው?" አለች። "ሒሳብ" አላት።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። ግብር ከፋዩ ላይ ሸክም እንዳይሆኑ ነው ትላላችሁ። ግን በትዳር ቪዛ የመጣ ሰው ቤኔፊት መውሰድ እኮ አይፈቀድለትም፤ ቪዛው ላይ ተጽፏል። ለጤና አገልግሎቱም በዓመት 1,035 ፓውንድ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ለመጀመሪያው ቪዛ ብቻ 3,105። ከዚያ ሥራ ሲይዝ ግብሩን እንደገና። የቱ ላይ ነው ሸክሙ?

ሁለተኛው መልሳችሁ የስደተኛው ቁጥር ይሆናል። በ2010 ቁጥሩን ከመቶ ሺህ በታች እናወርዳለን ብላችሁ ነበር። እስከ ጁን 2023 ባለው አንድ ዓመት ከወጣው የገባው ከ900,000 በላይ በሆነ ቁጥር በልጦ ተገኘ። ከዚያ ውስጥ በትዳር የመጣው ትንሹ ነው። ብዙውን በሥራና በትምህርት ቪዛ ያስገባችሁት ራሳችሁ ናችሁ። በሩን በአንድ በኩል ወለል አድርጋችሁ ከፍታችሁ፣ በሌላ በኩል የሰው ሚስት ላይ ዘጋችሁ።

እስቲ በልጁ ጣቶች ልመዝነው። መንግሥት ሰው ጓዳ ውስጥ አይግባ ብላችኋል፤ እዚህ ግን ትዳር በስንት ብር እንደሚፈቀድ መንግሥት ዋጋ ቆርጧል። ሠርቶ ማደር ይከበር ብላችኋል፤ እዚህ ሕጉ ራሱ ባስቀመጠው ደመወዝ ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ሰው አይበቃም ተብሏል። ቁጠባ ብላችኋል፤ 15,000 ፓውንድ ያጠራቀመ ሰው ምንም እንዳልቆጠበ ነው የሚታየው። ቤተሰብ ብላችኋል። ሠርጉን ያየንለት ሰው ሚስቱን በስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፎ ይኖራል። ይህን ያወጣው ግራ ዘመም ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትጮሁት እናንተ ነበራችሁ።

ለእናንተም ፍትሐዊ ልሁን፣ ከመካከላችሁ ይህን በግልጽ የሚል የለም አልልም። ቡና የጠጣው ልጅ ራሱ በኋላ ስነግረው ፊቱ ቅር አለው። "ይህን አላውቅም ነበር" አለ። ሐቀኛ ልጅ ነው።

ወደ መይሳው ካሳ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አጭር ነው። ወደ መቅደላ ጦር የላከው መንግሥት የእናንተው ነው፤ ሲጀመር በጠቅላይ ሚኒስትር ደርቢ፣ ሲያልቅ በዲዝሬሊ። ወጪው ከግምቱ እጅግ አልፎ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ፤ ቁጠባ ወዳዱ ፓርቲ የገቢ ግብር ጨመረበት። አፄ ቴዎድሮስ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከመቅደላ ከተጫነው ዕቃ ብዙው ዛሬም እዚህ ነው። ልዑል ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀብሯል። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦት አለ። ለጎብኚ አይታይም፣ የሙዚየሙ ባለሙያዎችም አያዩትም። ማንም የማያየውን ነገር ሙዚየም ማስቀመጥ ምን እንደሚባል አላውቅም። እንዳይመለስ የሚያግደው ሕግ የወጣው በ1963፣ አሁንም በእናንተ ዘመን ነው። ዌስትሚንስተር አቢ እንኳ እጁ ላይ ያለውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ ተስማምቷል። ከአባት የተረከቡትን ለልጅ ማስተላለፍ ብሎ የቆጠረላት የልጁ ጣት ለእኛም አባቶች ትሠራለች ወይ ብዬ ብጠይቅ ድፍረት አይሁንብኝ።

ከዚያ ሽንፈት በኋላ ፖሊሲያችሁን እንደ አዲስ እየከለሳችሁ እንደሆነ እሰማለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬን ቁጥር አድርጌ ላስቀምጠው። 29,000ውን ጣሉት። ሙሉ ሰዓት በዝቅተኛው ደመወዝ የሚሠራ ሰው የሚያገኘው ይብቃ በሉ። የሚመጣው ሰው ሊይዘው የሚችለው ሥራም ይቆጠር። የ1963ቱንም ሕግ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት፤ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ልታየው የምትችለው ነገር ለቤተ ክርስቲያን ይመለስ የሚል። ሁለቱም ቤት አያፈርሱም። ፒል ቢኖር የሚስማማ ይመስለኛል።

መልስ ካላችሁ በጽሑፍ ይሁን። ቅዳሜ የምትመጡ ከሆነ ግን ቡና ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ይፈላል፤ በእናንተ አሥር ሰዓት መሆኑ ነው። የዚያን ልጅ ስኒ አውቀዋለሁ፤ ስኳር ያበዛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሰሜን ለንደን

ግልባጭ፦
ለሌበር ፓርቲ (እናንተም 29,000ውን አስቀምጣችሁታል)
ለዕድራችን ጸሐፊ (ባለፈው ወር የቀረሁት ሺፍት ላይ ስለነበርኩ ነው፤ ቅጣቱ ይነሳልኝ)
ደሴ ላለችው የእቁባችን አባል